አየሩ የማን ነው? የራዲዮ አድማጮችና የጣቢያ ባለቤቶች ሙግት

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

ራዲዮ ከሰው ልጅ የዕለት ኑሮ ጋር ከተዋሐደ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰው ማለዳ ሲነሣ ወሬ ይሰማበታል፤ ከሥራ ሲመለስ ሐሳቡን ያሳርፍበታል፤ ብቸኛ የሆነውም ባልንጀራ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው የራዲዮኑን ቁልፍ ሲያዞር የሚያስበው ስለሚሰማው ነገር እንጂ የሚሰማውን ስለ መረጠለት ሰው አይደለም። የለመደው ፕሮግራም አንድ ቀን ጠፍቶ በምትኩ ሌላ ድምፅ በመጣ ጊዜ ግን «ይህን ማን አዘዘ? እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» ማለት ይጀምራል። ዛሬ የምናወሳው የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው።

ጥያቄው ራዲዮ በገባበት አገር ሁሉ ተነሥቷል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው የፍርድ ወንበር ደርሶ፥ ግራና ቀኝ ተሟግተውበት፥ ብያኔ የተሰጠበት በአሜሪካ አገር ስለ ሆነ ምሳሌያችንን ከዚያ እንወስዳለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

በመጀመሪያ ነገሩ የቆመበትን መሠረት መመልከት ያስፈልጋል። በፒትስበርግ ከተማ ያለው ኬ ዲ ኬ ኤ የተባለው ጣቢያ ኖቬምበር 2 ቀን 1920 የፕሬዚዳንት ምርጫን ውጤት ባሰማ ጊዜ የራዲዮ ዝና በአሜሪካ ተሰማ። ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጣቢያዎች እንደ አሸን ፈሉ። አንዱ በሌላው ሞገድ ላይ እየተደረበ ሁሉም ይናገራል፤ ጥርት ብሎ የሚሰማ ግን ጠፋ። ከዚህ የተነሣ የአገሪቱ ምክር ቤት በ1927 ሕግ አወጣ፤ በ1934ም ሕጉን አሻሽሎ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን የተባለውን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። የሕጉ መንፈስ እንዲህ ነው፦ ሕንፃው፥ መሣሪያውና ሸክላው የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ድምፁ የሚጓዝበት የአየር ሞገድ ግን ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ ባለጣቢያው ለተወሰነ ዘመን ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ፈቃዱም የሚሰጠውና የሚታደሰው ለሕዝብ ጥቅም የሚያገለግል ሆኖ ሲገኝ ነው። መንገዱ የሕዝብ ሆኖ በላዩ የሚነዳው ጋሪ የግለሰብ እንደ መሆኑ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ኋላ የመጣው ሙግት ሁሉ ከዚህ ከሁለት ወገን ባለቤትነት የተወለደ ነውና።

በዚያን ዘመን አንድ የራዲዮ ጣቢያ እንደ ትልቅ ገበያ ነበር፤ ሁሉም የሚሻውን ያገኝበት ነበር። ጧት ለገበሬው የእህል ዋጋ፥ ቀን ለቤት እመቤቶች ተከታታይ ታሪክ፥ ማታ ለቤተሰቡ ሁሉ ቴያትርና ቀልድ፥ እሑድ ስብከትና ኦርኬስትራ ይሰማ ነበር። የማይወደው ነገር የመጣበት አድማጭ የሚወደው ተራ እስኪደርስ ይታገሣል። ከ1948 ወዲህ ግን ቴሌቪዥን በየቤቱ መግባት ጀመረ። ተዋናዩም፥ ቀልደኛውም፥ ማስታወቂያ ሰጪው ነጋዴም ተከታትለው ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ። በመጨረሻም ሲ ቢ ኤስ የተባለው ድርጅት የቀሩትን ሁለት የራዲዮ ድራማዎች ሴፕቴምበር 30 ቀን 1962 በአንድ ሌሊት ባቋረጠ ጊዜ ያ ዘመን ተፈጸመ።

የራዲዮ ባለቤቶች በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳሉ፥ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እንደሚባለው፥ ያገኙትን መንገድ ሁሉ ሞከሩ። ከሁሉም ይልቅ የሠመረለት ቶድ ስቶርዝ የተባለ ወጣት ነበር። ይህ ሰው በ1949 ከአባቱ ጋር ሆኖ በኦማሃ ከተማ አንድ ጣቢያ ገዛ። ስለ እርሱ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። በመጠጥ ቤት ተቀምጦ ሳንቲም ሲጨመርበት ሸክላ የሚያጫውተውን መኪና ሲመለከት፥ ደንበኞቹ ያንኑ ጥቂት ዘፈን እየደጋገሙ ሲያስመቱ አመሹ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አስተናጋጇ የራሷን ሳንቲም አውጥታ ከሌላው ሁሉ ያንኑ ሲደጋገም ያመሸውን ዘፈን መረጠች ይባላል። እውነትም ይሁን ተረት፥ ስቶርዝና መሰሎቹ የወሰዱት ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው የሚወደው የለመደውን ደግሞ መስማት ነው የሚል ነው። ከዚያ በኋላ አርባ ያህል የታወቁ ዘፈኖችን ብቻ ቀኑን ሙሉ እያፈራረቁ የሚያሰሙ ጣቢያዎች በአገሪቱ ሁሉ ተስፋፉ፤ ትርፋቸውም በዛ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ አስተዋይ ሰው ግን አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም። አስተናጋጇ የመረጠችው በመኪናው ውስጥ ከነበሩት ሸክላዎች መካከል ነው። ባለቤቱ ያልጨመረውን ሸክላ ማን ሊመርጠው ይችላል? ማንም ባይመርጠውስ የሚወደው የለም ለማለት ይቻላልን?

ከዚህ ለውጥ ጋር ሌላ ነገር ተከተለ። ቀድሞ አንዱ ጣቢያ ለሁሉም ሰው ጥቂት ጥቂት ይሰጥ ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ወገን አድማጭ መርጦ ለዚያ ወገን ብቻ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ሆነ። አንዱ ዜና ብቻ፥ ሌላው የገጠር ዘፈን ብቻ፥ ሌላው ሮክ ብቻ፥ ሌላው የእነቤትሆቨንንና የእነሞዛርትን የኦርኬስትራ ሙዚቃ ብቻ ያሰማል። ይህም አድማጩን ደስ አሰኝቶት ነበር። ነገር ግን ጣቢያው መልኩን የለወጠ ዕለት አድማጩ የሚያጣው እንደ ድሮው የአንድ ሰዓት ፕሮግራም አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጣል።

ለውጡን ያፋጠነው ደግሞ ኤፍ ኤም የተባለው የጠራ ድምፅ የሚሰጠው የአስተላለፍ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ለረጅም ጊዜ የጥቂቶች ነበር፤ መቀበያ መሣሪያው ያለው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ሞገዱም ርካሽ ነበር። የኦርኬስትራ ሙዚቃ ወዳጆች መጠለያቸውን በዚያ ሠሩ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ውስጥ ግን መሣሪያው በየቤቱና በየመኪናው ሲገባ የሞገዱ ዋጋ ናረ። ርካሽ በነበረ ጊዜ ማንም ያልተመኘውን ቦታ ሲወደድ ሁሉም ተሻማበት። በከተማ ዳር የተሠራች ጎጆ ከተማው ሲሰፋ መሀል ገበያ ላይ እንደምትገኝና ባለቤቷ «ሸጠህ ውጣ» እንደሚባል ያለ ነገር ደረሰ።

አድማጮች ወደ ፍርድ ቤት መሄድ የጀመሩት በዚህን ጊዜ ነው። በአትላንታ ከተማ የኦርኬስትራ ሙዚቃ የሚያሰማ አንድ ጣቢያ ሊሸጥና መልኩን ሊለውጥ በሆነ ጊዜ የከተማው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ተቃወሙ። ገዢው በበኩሉ ጥናት አቀረበ፤ በጥናቱም ይህን ሙዚቃ የሚመርጠው የከተማው ሕዝብ 16 ከመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ኮሚሽኑም ብዙኃኑ ሌላ ከወደደ ለውጡ ለሕዝብ ጥቅም ነው ብሎ ፈቀደ። በ1970 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ይህን አሳብ አልተቀበለውም። ነገሩን ስናስበው አስተያየቱ ቀላል ነው። በአንድ ከተማ አንድ ጣቢያ ብቻ ቢኖር ለብዙኃኑ መስጠት ይገባል። ብዙ ጣቢያዎች ባሉበትና ብዙኃኑ በአብዛኞቹ በሚገለገልበት ከተማ ግን የጥቂቶቹን አንድ ጣቢያ ወስዶ ለብዙኃኑ መጨመር ለብዙኃኑ የሚጠቅመው ትንሽ ሲሆን፥ ለጥቂቶቹ ግን ሁሉንም ማሳጣት ነው።

አንባቢ ይህ ሙግት የምሁራንና የባለጸጎች ብቻ ነበር ብሎ እንዳያስብ ሁለት ምሳሌ እንጨምር። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በቶሌዶ ከተማ አጠገብ ባለችው በሲልቬንያ፥ ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚባለውን አዲስ ሙዚቃ የሚያሰማ ጣቢያ መልኩን ሲለውጥ አድማጮቹ ያንኑ አቤቱታ አቀረቡ። ፍርድ ቤቱም በ1973 ለእነርሱም እንደ አትላንታዎቹ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። በዚያው ዓመት በዴንቨር ከተማ ዜና ብቻ ያሰማ የነበረ ጣቢያ የገጠር ዘፈን ወደ ማሰማት ሲዞር የቀረበውን አቤቱታ ግን ሳይቀበለው ቀረ፤ ዜና በከተማው ውስጥ በሌላ ጣቢያም ይገኛልና ነው። እንግዲህ ፍርድ ቤቱ የትኛው ሙዚቃ ከየትኛው ይበልጣል ብሎ አልፈረደም። የጠየቀው «ይህ ቢቀር አድማጩ ከሌላ ቦታ ሊያገኘው ይችላል ወይስ አይችልም?» ብሎ ነው።

በ1974 ደግሞ የሺካጎ ነገር መጣ። ደብልዩ ኢ ኤፍ ኤም የተባለው ጣቢያ የዜኒት ራዲዮ ፋብሪካ ንብረት ሆኖ ከ1940 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ፥ ከኤፍ ኤም ጣቢያዎችም ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ፋብሪካው ሊሸጠው በተስማማ ጊዜ አዲሱ ገዢ የኦርኬስትራውን ሙዚቃ ትቶ ሮክ ሊያሰማበት መሆኑ ታወቀ። ኮሚሽኑ አቤት ባዮችን ሳያነጋግር ሽያጩን አጸደቀ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በሙሉ ዳኞች ተሰይሞ፥ አንድ ጣቢያ በአካባቢው ብቸኛ የሆነ ፕሮግራም ሲተው፥ ተቃዋሚውም ብዙ ሲሆን፥ ፕሮግራሙም ለኪሳራ የሚዳርግ መሆኑ ካልተረጋገጠ፥ ኮሚሽኑ ሁለቱን ወገን አቅርቦ ሳይሰማ መፍቀድ አይገባውም ሲል ወሰነ። ይህ ሁሉ ሆኖ የሺካጎው ክርክር በስምምነት ተቋጨ፤ ጣቢያውም በ1978 መልኩን ለወጠ። መርታትና ማግኘት አንድ አለመሆናቸው ከዚህ ይታወቃል።

ከሁሉ የገነነው ግን የኒው ዮርክ ሙግት ነው። በዚያ ከተማ ደብልዩ ኤን ሲ ኤን የተባለ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ጣቢያ ነበር። በኖቬምበር 1974 ባለቤቶቹ ስሙን ለውጠው ሮክ ማሰማት ጀመሩ። የቀድሞ አድማጮቹ ተሰብስበው የአድማጮች ጉባኤ አቋቋሙ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና፥ ለየብቻ ቢሆን ቅሬታ ሆኖ ይቀር የነበረው ነገር ተባብረው ሲይዙት የሕግ ጉዳይ ሆነ። በ1975ም ጂ ኤ ኤፍ የተባለ ኩባንያ ጣቢያውን ገዝቶ የቀድሞ ስሙንና የቀድሞ ሙዚቃውን መለሰለት። ጉባኤው ግን በዚህ ረክቶ አልተበተነም፤ የዛሬው ባለቤት መልካም ቢሆን የነገው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅምና ጥያቄው በሕግ እንዲቆረጥ ፈለገ።

በዚህን ጊዜ የኮሚሽኑ አቋም ምን እንደ ነበር በቅን መንፈስ መመልከት ይገባል። በ1976 ባወጣው መግለጫ ከእንግዲህ በሙዚቃ ዐይነት ምርጫ ጣልቃ አልገባም፤ የአድማጩን ፍላጎት ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ገበያው ነው አለ። ምክንያቶቹም የዋዛ አልነበሩም። አንደኛ፥ አንዱ የሙዚቃ ዐይነት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማን ይወስናል? የመንግሥት ሹም ተቀምጦ ይህ ዘፈን ከዚያ ዘፈን ይለያል አይለይም እያለ ሊፈርድ ነውን? ሁለተኛ፥ አንድ ጊዜ የጀመረውን ፕሮግራም መተው የማይፈቀድለት መሆኑን የሚያውቅ ነጋዴ አዲስ ነገር ለመሞከር ይፈራል፤ እንዲህ ከሆነ ለጥቂቶች ተብሎ የተሠራው ሕግ ራሱ ጥቂቶችን ይጎዳል። ሦስተኛ፥ የመንግሥት እጅ በአንድ ጊዜ በሙዚቃው ከገባ ነገ በንግግሩ እንደማይገባ ዋስትናው ምንድን ነው? በእርግጥ ነገሩ «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፥ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» እንደሚባለው ነበር።

የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1979 ይህን መግለጫ ውድቅ አደረገው። ኮሚሽኑም ነገሩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። ማርች 24 ቀን 1981 ከዘጠኙ ዳኞች ሰባቱ ለኮሚሽኑ ፈረዱ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ባይረን ዋይት ሲሆኑ፥ የሕዝብን ጥቅም በገበያ አማካይነት ለመጠበቅ መምረጥ በሕግ ለኮሚሽኑ የተሰጠ ሥልጣን ነው፤ የሚወደው ፕሮግራም በቀረበት ቁጥር ኮሚሽኑ እንዲመረምርለት ለእያንዳንዱ አድማጭ ሕገ መንግሥቱ መብት አልሰጠም ሲሉ አስረዱ። በዚያ ችሎት ከተቀመጡት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ዳኛ የነበሩት ተርጉድ ማርሻል ከዳኛ ብሬናን ጋር ሆነው ተለዩ። የእርሳቸውም አሳብ ገበያው ብዙውን ጊዜ በደንብ እንደሚሠራ አይክድም፤ ገበያው በማይሠራበት ጊዜ ግን አቤት የሚባልበት አንድ ጠባብ በር እንኳ ተከፍቶ መቅረት ነበረበት የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳዝናል፤ ያስተምራልም። በ1975 ሙዚቃውን ለአድማጮቹ የመለሰው ያው ጂ ኤ ኤፍ በዲሴምበር 1993 ጣቢያውን ራሱ ወደ ሮክ ለወጠው። የጣቢያውም ስም አብሮ ተለወጠ። በ1974 የተቈጡት አድማጮች ሊሄዱበት የሚችሉት የፍርድ ቤት በር አሁን ተዘግቶ ነበርና ለውጡ ጸና። በአድማጮች ጉባኤ ስም የተሰየመው ፍርድ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ሲቀር ጣቢያው ግን ጠፋ።

እንግዲህ ገበያው ሁልጊዜ ጆሮ ደንቆሮ ነው ማለት ነውን? እንዲህ ብሎ መፍረድ ትክክል አይሆንም። በዚያችው በኒው ዮርክ የሆነ ሌላ ታሪክ አለ። ደብልዩ ሲ ቢ ኤስ ኤፍ ኤም የተባለው ጣቢያ ለብዙ ዓመታት የቀድሞውን ዘመን ዘፈኖች በታወቁና በተወደዱ አስተዋዋቂዎች አማካይነት ሲያሰማ ኖሮ፥ ጁን 3 ቀን 2005 አስተዋዋቂዎቹን አሰናብቶ የተደባለቀ ዘፈን ብቻ በሚያፈስስ ፕሮግራም ተተካ። የለውጡ ምክንያት የአድማጭ ማነስ ብቻ አልነበረም። ማስታወቂያ ሰጪ ነጋዴዎች ከሁሉ ይልቅ የሚፈልጉት ዕድሜው ከ25 እስከ 54 የሆነውን አድማጭ ነው፤ የቀድሞ ዘፈን ወዳጆች ደግሞ ከጣቢያው ጋር አብረው አርጅተው ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ተቈጣ፤ አዲሱም ፕሮግራም የታሰበውን አድማጭ አላመጣም። ስለዚህ ጁላይ 12 ቀን 2007 የቀድሞው ስምና የቀድሞው ዘፈን ተመለሱ። ማንም ዳኛ አላዘዘም፤ ያዘዘው ኪሳራው ነው። አድማጩ ብዙ ሲሆንና ጣቢያውን ትቶ ሲሄድ ገበያው ይሰማዋል ማለት ነው። ገበያው የማይሰማው አድማጩ ጥቂት ሲሆን፥ ወይም የሚሄድበት ሌላ ጣቢያ ሲያጣ ነው።

እዚህ ላይ የአድማጭ ፍላጎት በምን እንደሚለካ መናገር ተገቢ ነው። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ይሠራበት የነበረው መንገድ ለተመረጡ ሰዎች አንዳንድ ትንሽ መዝገብ መስጠት ነበር፤ ሰውየው ለአንድ ሳምንት የትኛውን ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደ ሰማ ይጽፍበታል። ከ2007 ጀምሮ ግን በትልልቆቹ ከተሞች በኪስ የሚያዝ መሣሪያ ተተካ፤ መሣሪያው በድምፁ ውስጥ የተሸሸገውን ምልክት እየያዘ ባለቤቱ ሳይጽፍ ራሱ ይመዘግባል። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። መዝገቡ የሚናገረው ሰውየው ሰማሁ ብሎ የሚያስታውሰውን፥ ምናልባትም ሊሰማ የሚወደውን ጣቢያ ነው። መሣሪያው የሚናገረው ግን በሱቁም፥ በታክሲውም፥ በጎረቤቱም ቤት ጆሮው አጠገብ ያለፈውን ሁሉ ነው። አንዱ ፍቅርን ይለካል፤ ሌላው አጋጣሚን። ሁለቱም ግን ያ የመጠጥ ቤቱ መኪና ያለበት ጉድለት አለባቸው፤ የሚቈጥሩት ከቀረበው መካከል የተወሰደውን ብቻ ነው። ያልቀረበውን የሚናፍቅ ሰው በቍጥሩ ውስጥ የለም። መሣሪያውን የዘጋም ሰው ለምን እንደ ዘጋ የሚጠይቀው የለም።

ታዲያ የኦርኬስትራው ሙዚቃ በኒው ዮርክ ምን ሆነ? ደብልዩ ኪው ኤክስ አር የተባለው ሌላው ጣቢያ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ንብረት ሆኖ ለረጅም ዘመን ቆይቶ ነበር። በ2009 ጋዜጣው ጣቢያውን ለመተው በቈረጠ ጊዜ፥ የሚኖረው በአብዛኛው ከአድማጮቹ በሚያገኘው መዋጮና ከበጎ አድራጊዎች በሚሰጠው ርዳታ የሆነው ደብልዩ ኤን ዋይ ሲ የተባለው የሕዝብ ራዲዮ በ11.5 ሚልዮን ዶላር ስሙንና አንድ ሌላ ሞገድ ገዝቶ ሙዚቃውን አስቀጠለ። ጣቢያው ከ96.3 ወደ 105.9 ተዛወረ፤ አዲሱም ሞገድ ኀይሉ ያነሰ ስለ ነበረ ቀድሞ ይሰሙት ከነበሩት ሩቅ ሰፈሮች አንዳንዶቹ አጡት። ቢሆንም ሙዚቃው ከከተማዋ አልጠፋም። ሕግ ያላዳነውን፥ ገበያም ያልፈለገውን ነገር አድማጮቹ በገንዘባቸው አቆዩት። መልካም ነገር ነው፤ ግን ደግሞ የሚያሳስብ ነገር አለበት። የኦርኬስትራ ወዳጆች ገንዘብ ሊያዋጡ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። የሚያዋጣው የሌለው አድማጭ፥ ለምሳሌ የእህል ዋጋን ይሰማ የነበረው ገበሬ ወይም በአገሩ ቋንቋ የሚነገረውን የአንድ ሰዓት ፕሮግራም የሚጠብቀው ስደተኛ፥ ምን ያደርጋል?

ከዚህ ሩቅ አገር ታሪክ ወደ ቤታችን ስንመለስ ጥያቄው ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ራዲዮ በ1935 ሥራውን ሲጀምር፥ ከዚያም በኋላ በነበሩት ብዙ ዓመታት፥ ጣቢያው ለሁሉም አንድ ነበርና ጉዳዩ ሰዓቱን ለማን ለማን እናካፍል የሚል ነበር። በ1963 በአዲስ አበባ የተመረቀው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ለአድማጩ ሌላ ምርጫ አመጣ፤ ከመንፈሳዊው ስብከት ጋር ዜናን፥ ትምህርትንና ሙዚቃን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ያሰማ ነበር። በማርች 1977 ወታደራዊው መንግሥት ጣቢያውን ወርሶ ስሙንና ዓላማውን በለወጠ ጊዜ፥ በኒው ዮርክ እንደ ሆነው አቤት የሚል የአድማጮች ጉባኤ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር። በ2000 ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲከፈት፥ በ2007ም እንደ ሸገር 102.1 ያሉ የግል ጣቢያዎች ሲጀምሩ፥ የከተማው ሰው ቁልፉን እያዞረ መምረጥን እንደገና ለመደ። የጣቢያ ቍጥር መጨመሩ ግን በራሱ በቂ መልስ አይሆንም፤ አሥር ጣቢያ ሁሉም አንድ ዐይነት ነገር ቢያሰማ አድማጩ ያገኘው አሥር ቁልፍ እንጂ አሥር ምርጫ አይደለምና።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ታሪክ ለአንተ መተረካችን የሙዚቃ ወዳጅ ብትሆን ባትሆን ግድ ኖሮን አይደለም። አንተም በመሥሪያ ቤትህ ጠረጴዛ ላይ ስለማታያቸው ሰዎች የምትወስነው ነገር አለህ። አንድ አገልግሎት የተጠቃሚው ቍጥር አነሰ ተብሎ ሊታጠፍ ወረቀቱ ለፊርማ ሲቀርብልህ፥ ቍጥሩን ማየትህ ተገቢ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚባክንበት ነገር እንዳይኖር መጠንቀቅ ግዴታህ ነውና። ነገር ግን የአትላንታ፥ የሺካጎና የኒው ዮርክ አድማጮች ለዐሥራ አንድ ዓመታት ያህል የተሟገቱበትን ጥያቄ አብረህ አንብበው። «ስንት ሰው ይፈልገዋል?» የሚለው ጥያቄ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «የቀረባቸው ሰዎች ከወዴት ያገኙታል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን መዝገብም መሣሪያም ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛውን የሚመልሰው አቤት ባዩን አስቀርቦ የሚሰማ ሰው ብቻ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ እንዲጠይቅ ሕግ አያስገድደውም አለ። ይህም እንደ ሕግ ትርጓሜ ሊያከራክር ይችላል። ዳሩ ግን ሕግ የማያስገድደውን ሁሉ ሕሊና አይከለክለውም። እኛም በራዲዮ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህንኑ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል። አንድ ፕሮግራም ሲቀየር ከሺህ አድማጭ ደብዳቤ የሚጽፍልን ምናልባት አንድ ነው፤ ያ አንድ ደብዳቤ የአንድ ሰው ነው ተብሎ ወደ መዝገብ ክፍል ከመላኩ በፊት ያልጻፉት እነማን እንደ ሆኑ ማሰብ ያስፈልጋል። ደብዳቤም ያለህ አንባቢ ሆይ፥ ሳትሰለች ጻፍ። በ1974 የኒው ዮርክ አድማጮች ዝም ብለው መሣሪያቸውን ዘግተው ቢሆን ኖሮ ያን የዐሥራ ስምንት ዓመት ተጨማሪ ሙዚቃ ባላገኙም ነበር።